ሚስቴን ከኋላ ያስቀረ ሰዓት

ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል በመጣን በአሥራ ሦስተኛው ዓመት፣ በምሠራበት የፕላስቲክ ፋብሪካ ማሽኑ አጠገብ ቆሜ ሳለሁ ግራ ክንዴ እንደ ድንጋይ ከበደኝ። ላብ አጠመቀኝ። የፈረቃው ኃላፊ ፊቴን አይቶ አምቡላንስ ጠራ። በዚያው ቀን የቤርሼቫ ሐኪሞች በብሽሽቴ በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብተው የተዘጋውን የልቤን ደም ሥር ከፈቱልኝ።

ሆስፒታል በተኛሁባቸው ቀናት ሚስቴ ከአጠገቤ አልጠፋችም። እሷ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ነው የምትሠራው። ቀኑን ሙሉ ሰው ስታነሣና ሰው ስታጥብ ትውልና ማታ እኔ ዘንድ መጥታ ወንበር ላይ ታድራለች። ቤት ስመለስ ደግሞ ኑሮዬን እንደ አዲስ አሰናዳችው። ጨው ቀነሰች። ቅቤውን ከማቀዝቀዣው አውጥታ ለጎረቤት ሰጠች። ሲጋራዬን ከጃኬቴ ኪስ ፈልጋ አገኘችና ውኃ ውስጥ ነክራ፣ «ይኸው፣ አሁን አጭስ» አለችኝ።

የእግር ጉዞውንም ያስጀመረችኝ እሷ ናት።

«ሐኪሙ ተራመድ ብሎሃል። ተነሥ።»

«ነገ እጀምራለሁ።»

«ዛሬ ነው የምትጀምረው። እኔም አብሬህ እሄዳለሁ።»

ሰፈራችን ሽኩና ጊሜል የቆዩ ሕንጻዎች የተደረደሩበት፣ ከየአገሩ የመጣ ሰው ተደባልቆ የሚኖርበት ነው። ፀሐይዋ በረድ ስትል እንወጣለን፤ በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር አድርገን እስከ መናፈሻው እንሄድና በትናንሾቹ ሱቆች በኩል እንመለሳለን። እየሄድን ስለ ልጃችን እናወራለን፣ ስለ ሥራዋ ታጫውተኛለች። አንዳንዴም ምንም ሳናወራ እንደርሳለን።

ጎን ለጎን መሄድ ለእኛ ትንሽ ነገር አልነበረም። ጎንደር ገጠር ሳለን ገበያ ስንወርድ እኔ ዱላዬን ይዤ ከፊት፣ እሷ ሸክሟን ይዛ ከኋላ ነበርን። ክፉ ነው ያለን ሰው አልነበረም፤ መንገዱም ጠባብ ነው። እዚህ መጥተን በሰፊው የእግረኛ መንገድ መሄድ ስንጀምር ግን፣ መቼ እንደሆነ ሳናውቀው፣ ትከሻ ለትከሻ ሆንን። አንድ ቀን እንዲያውም በሱቅ መስታወት ውስጥ ሁለታችንን አይታ፣ «እንደ ሙሽሮች ሆነናል እኮ» ብላ ስቃለች።

ሁለት ወር ያህል እንዲህ ከቆየን በኋላ በኩፓት ሖሊም፣ የሁላችንም ሕክምና በሚካሄድበት ጤና ጣቢያ፣ የልብ ሕሙማንን እንቅስቃሴ ወደምትከታተል ባለሙያ ላኩኝ። ከሩሲያ የመጣች ወጣት ነች። ዕብራይስጡን ቀስ እያለች ነው የምታናግረኝ።

«ስትራመድ ከሰው ጋር ታወራለህ?»

«አዎ፣ ከባለቤቴ ጋር።»

«ትንፋሽ ያጥርሃል? ያልብሃል?»

«ኧረ በጭራሽ!» አልኳት በኩራት።

«እንግዲያው ልብህ ገና ሥራ አልጀመረም» አለችኝ። እየሣቀች ነው ያለችው፤ እኔ ግን ፈተና የወደቅሁ ያህል አፈርኩ። የልቤ ምት በደቂቃ ከመቶ በታች እንዳይወርድ፣ ከመቶ ሃያም እንዳያልፍ አድርጌ መራመድ እንዳለብኝ ነገረችኝ። ይህን በግምት ማወቅ ስለማይቻል የልብ ምት የሚቆጥር ሰዓት እንድገዛ መከረችኝ።

ሰዓቱን ልንመርጥ ሦስታችንም አብረን ሄድን፤ እኔ፣ ሚስቴና ልጃችን። ልጃችን ያኔ የውትድርና ግዴታዋን ጨርሳ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ትዘጋጅ ነበር። እኛ በአማርኛ እናናግራታለን፣ እሷ በዕብራይስጥ ትመልስልናለች። በዚያ መንገድ ስንግባባ ኖረናል። በገበያ ማዕከሉ ውስጥ የስፖርት ዕቃ ወደሚሸጥበት ሱቅ ይዛን ገባችና ፀጉሩን ወደ ኋላ ያሰረውን ሻጭ፣ «ለአባቴ ሻዖን ዶፌክ እንፈልጋለን» አለችው። ሻዖን ሰዓት፣ ዶፌክ ደግሞ የልብ ትርታ ማለት ነው።

ሻጩ ሦስት ሰዓቶች አወጣ። የመጀመሪያው ጣት የሚጫንበት ነው፤ ቆም ብለህ ጣትህን ከላዩ ታደርግና ጥቂት ስትጠብቅ ምቱን ይነግርሃል። ሁለተኛው ከደረት ላይ ከሚታሰር መቀነት ጋር ነው የሚሠራው፤ መቀነቱ ልብን ይሰማል፣ የሰማውንም እጅ ላይ ወዳለው ሰዓት ይልካል። ምቱ ከተባለው በታች ሲወርድ ወይም በላይ ሲወጣ ይጮኻል። ሦስተኛው ከኮምፒዩተር ጋር የሚያያዝ፣ ለሯጮች የተሠራ ነው፤ እሱን ሻጩ ራሱ ወዲያው ወደ ሣጥኑ መለሰው።

ሚስቴ የመጀመሪያውን አንሥታ አገላበጠችው።

«ይኼ ይሻላል። ዝምተኛ ነው።»

«እማ፣ በየመንገዱ እየቆመ ሲለካ ልቡ ይረጋጋል እኮ» አለች ልጃችን። «ቁጥሩ እውነቱን አይነግረውም።»

ሻጩ በሐሳቧ ተስማማና እንድሞክረው መቀነቱን ይዞ ልብስ መለኪያው ክፍል አስገባኝ። በውኃ አርሶ ከጡቴ ሥር ሲያስረው ቅዝቃዜው አስደነገጠኝ። ሸሚዜን ቆልፌ ወጣሁና ሰዓቱን አየሁት፤ ሰባ ሁለት ይላል። ቆየት ብሎ ሰባ አራት አለ። ዕድሜዬን ሙሉ ውስጤ ሲመታ የኖረውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይኔ አየሁት።

ሚስቴ ተጠግታ ክንዴን ያዘችና ቁጥሩን ተመለከተች።

«ይኼ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«በል እንግዲያው ይኸኛው ይሁን» አለች። የእሷን ምርጫ ወዲያው ተወችው። ስለ እኔ ሲሆን ሁልጊዜም እንደዚያ ናት።

ልጃችን እዚያው ሱቁ ውስጥ መቶንና መቶ ሃያን ሞላችልኝ። በማግስቱ መቀነቱን አስሬ ከሚስቴ ጋር ወጣን። ገና የትምህርት ቤቱን አጥር ሳንጨርስ ሰዓቱ ቲት ቲት ማለት ጀመረ። ሰማንያ ስድስት።

«ምን ሆነ?» አለችኝ።

«እንጃ፣ አዲስ ስለሆነ ይሆናል።»

ትንሽ ፈጠን አልኩ። ዝም አለ። እሷ ወደ ኋላ ስትቀር ቀዝቀዝ አልኩ፤ እንደገና ጮኸ። እስከ መናፈሻው ድረስ እንደዚያ ስንጯጯህ ሄድን። በሁለተኛውም ቀን፣ በሦስተኛውም ያው ሆነ። «ትንሽ ፈጠን በይ እስቲ» እላታለሁ። ትፈጥናለች፤ ከዚያ አንዲት የምታውቃት ሴት ታገኝና ትቆማለች። የሴትዮዋን ልጆች አንድ በአንድ ትጠይቃለች፣ እኔ አጠገባቸው ቆሜ ሰዓቴ ይጮኻል። አንዴ ደግሞ የጫማዋ ክር ይፈታል፤ ጎንበስ ትልና ለማሰር ትቆያለች። አንዳንዴ እበሳጫለሁ፤ አልናገርም እንጂ ፊቴ ይናገራል።

በአንድ ምሽት ሱቆቹ ጋ ስንደርስ ቆም አለችና ሰዓቱን በዓይኗ አመለከተችኝ።

«እውነቱን ንገረኝ። እኔ ነኝ የማስጮኸው?»

ሰዓቱን በእጅጌዬ ሸፈንኩት። ያ ራሱ መልስ ሆነባት።

«ጉልበቴ ነው» አለች። «በሽተኛ ሳነሣ ስውል ጉልበቴ አለቀ። አንተ ሂድ፣ እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ እጠብቅሃለሁ።»

«ተይ፣ አብረን እንሂድ።»

«ሂድ አልኩህ። የምንራመደው ለጤናህ ነው ወይስ ለወሬ?»

ከሱቆቹ ፊት ባለው የአውቶቡስ ማቆሚያ ወንበር ላይ ተቀመጠች። እኔ ሄድኩ። እግሬን ስለቀው ሰዓቱ ዝም አለ፤ መቶ አራት፣ መቶ ዘጠኝ። ሰውነቴ ሞቀ፣ ላቤ ወረደ፣ ትንፋሼ ደረቴን ከፈተው። ከታመምኩ ወዲህ ጤነኛ ሰው የሆንኩ የመሰለኝ ያን ጊዜ ነው። ደስ አለኝ። መናፈሻውን ሁለት ጊዜ ዞርኩት። ስመለስ እሷ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ እዚያው ተቀምጣለች፤ ለእኔ ጉዞ ብላ ከልጃችን ጋር ሄዳ የገዛችውን ነጭ የስፖርት ጫማ አድርጋለች። ያን ጫማ ሳይ ደስታዬ ከየት እንደመጣ አስታወስኩና አንገቴን ደፋሁ። ያለ እሷ ደስ ብሎኝ ነው የመጣሁት።

ከዚያ ወዲያ ልማድ ሆነ። አብረን እንወጣለን፣ እሷ ማቆሚያው ላይ ትቀራለች፣ እኔ ዞሬ እመለሳለሁ። የምንኖርበት ሕንጻ በር ላይ ወንበር አውጥተው የሚቀመጡ አንዲት እማማ አሉ፤ የአገራችን ሰው ናቸው። አንድ ቀን እኔ ቀድሜ፣ ሚስቴ ከኋላ ሆና ስንመጣ አዩን።

«ምነው ልጄ፣ ወደ ድሮው አካሄድ ተመለሳችሁ?» አሉኝ። «አንተ ከፊት፣ እሷ ከኋላ!»

«የሐኪም ትእዛዝ ነው እማማ።»

«ሐኪሙ ሚስትህን ጥለህ ሂድ አለህ?»

ለጨዋታ ነው ያሉት፤ ሚስቴም ስቃለች። እኔን ግን ሌሊቱን ሙሉ አልለቀቀኝም። በማግስቱ ሥራ ላይም እያሰብኩት ዋልኩ። ማታ ስመለስ መቀነቱን ገላ መታጠቢያ ክፍሉ በር ላይ ሰቅዬ ያለ እሱ ወጣሁ። «ዛሬ በቀስታ እንሂድ» አልኳት። እሺ አለች። በሁለተኛው ቀን ግን መቀነቱን ተሰቅሎ አገኘችው። በእጇ ይዛ መጣችና ፊት ለፊቴ ቆመች።

«ይኼ ለምን ተሰቀለ?»

«ካንቺ ጋር ልራመድ ብዬ ነው።»

«ደግመህ ልትወድቅብኝ ነው? ደግሜ እዚያ ወንበር ላይ ልደር?» ተቆጥታለች። ከዚያ እንደ ልማዷ ቁጣዋን በቀልድ አበረደችው። «እሺ፣ ዛሬ አንተ ካላሰርከው እኔ አስረዋለሁ። የኔም ልብ ምን እንደሚል እንስማው።»

መኝታ ቤት ገብታ ከቀሚሷ ሥር አሰረችው። ሰዓቱ እኔ እጅ ላይ ነው፤ አጠገቤ ስለምትሄድ የእሷ ምት ወደ እኔ ይመጣል። እየተሣሣቅን ወጣን። ትምህርት ቤቱ ጋ ስንደርስ ሰዓቱ ጮኸ። «ይኸው፣ አንቺንም ሰነፍ ብሎሻል» ልላት ክንዴን ቀና አደረግሁ። ቁጥሩ ግን ሰማንያ አልነበረም። መቶ ሠላሳ ስምንት ነበር። በቀስታ ነው የምንሄደው። እያየሁት መቶ አርባ ሁለት አለ።

«ስንት ነው?» አለችኝ። አንድ እጇን አጥሩ ላይ አሳርፋለች።

«ተበላሽቷል» አልኳት። «ከኔ ጋር ለምዶ አንቺን እንቢ አለ።»

«እንዴት ያውቀኛል፣ ከሱቁ ጀምሮ ያንተ ነው» ብላ ሣቀች። ከዚያ አንዲት ጎረቤት አየችና ስለ ልጇ ልትጠይቃት ቆመች።

ሰዓቱ መበላሸቱን ከልቤ ነው ያመንኩት። በሳምንቱ መጨረሻ ሊቀይሩልኝ ብዬ ወደ ሱቁ ይዤው ሄድኩ። ያው ሻጭ መቀነቱን እዚያው ከሸሚዙ ሥር አሰረና ሰዓቱን አየ፤ ስድሳ ስምንት። ደረጃውን ሮጦ ወጥቶ ወረደ፤ መቶ አሥራ ሰባት። ጥቂት ቆሞ ጠበቀ፤ ወረደ።

«ምንም አልሆነም። ማን ላይ ነው የተሳሳተው?»

«ባለቤቴ ላይ። መቶ አርባ አለ።»

«ስትሮጥ?»

«በቀስታ ስትራመድ።»

ሻጩ መቀነቱን እየፈታ ቀና ብሎ አየኝ። «ሰዓቱ ደህና ነው» አለ። «እሷስ?»

ወደ ቤት የመጣሁበትን አውቶቡስ አስታውሳለሁ። በመስኮት በኩል ነበር ዓይኔ፤ ያየሁት ግን ቤቴን ነው። ሚስቴ ከመቼ ጀምሮ ነው በሦስት ትራስ የምትተኛው? አንገቴን ያመኛል ትለኝ ነበር። ደረጃ ስንወጣ በየፎቁ ቆማ ቦርሳዋ ውስጥ ቁልፍ ትፈልጋለች፤ ቁልፉ ግን ሁልጊዜ እኔ ኪስ ውስጥ ነው። ያ ሁሉ የመንገድ ሰላምታ፣ የጎረቤት ልጆችን አንድ በአንድ መጠየቅ፣ የሚፈታ የጫማ ክር፤ ለካስ እያረፈች ነው። እስክትተነፍስ ድረስ ሰው ታናግራለች። እኔ ደግሞ አጠገቧ ቆሜ ሰዓቴን እያየሁ ፊቴን አጠቁራለሁ። ስንት ጊዜ ነው «ፈጠን በይ» ያልኳት!

ስገባ ልብስ ስታጥፍ አገኘኋት።

«ቀየሩልህ?»

«ሰዓቱ ደህና ነው። አንቺ ነሽ ደህና ያልሆንሽው። ትንፋሽ ያጥርሻል አይደል?»

ማጠፏን አላቋረጠችም። «ጉልበቴ ነው አልኩህ።»

«እውነቱን ንገሪኝ።»

በእጇ የነበረውን ሸሚዝ አስቀመጠችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «አንተ ከመታመምህ በፊት ነው የጀመረኝ» አለች። «ቀላል ነው ብዬ ተውኩት። ከዚያ አንተ ወደቅህ። ሁለት በሽተኛ ለአንድ ቤት ይበዛል። አንዳችን ቆመን እንድንቆይ ብዬ ነው።»

 እኔ ሆስፒታል ስተኛ ወንበር ላይ ታድር የነበረችው፣ እንደዚያ ሆና ነበር። ጋደም ብላ መተኛት ስለማትችል ወንበሩ ይመቻት እንደነበር በኋላ ራሷ ነገረችኝ፤ ልታጽናናኝ ነው የነገረችኝ፤ ይባስ አደረገችው።

ሐኪም ጋ ለመሄድ አመነታች። «ሰዓት ጮኸ ብዬ ምን ልበለው?» አለች። ልጃችን ቀጠሮ አስያዘችና ይዘናት ሄድን። ሐኪሙ ማዳመጫውን ደረቷ ላይ አድርጎ ረዥም ጊዜ አዳመጠ። በግራ ጎኗ አስተኝቶ ደግሞ አዳመጠ። በልጅነቷ መገጣጠሚያዋ አብጦ፣ አተኩሷት ታማ ታውቅ እንደሆነ ጠየቃት። ልጃችን ተረጎመችላት።

«አዎ፣ ልጅ ሳለሁ ቁርጥማት ይዞኝ ብዙ ጊዜ ተኝቻለሁ» አለች ሚስቴ። «እናቴ አዝላኝ ነበር የምትውለው።»

ያ በሽታ ያኔ ልቧንም ነክቶት ኖሯል። ደም ከሚያልፍባቸው የልብ በሮች አንዱ ዓመት በዓመት እየጠበበ፣ በጠባቡ በር ደሙን ለማሳለፍ ልቧ በእጥፍ እየሠራ ነው የኖረው። ሐኪሙ ይህን ሲያስረዳን እኔ ወለሉን አያለሁ። ያ የምኮራበት ፈጣን እርምጃዬ፣ እሷ ከወንበር ተነሥታ ወደ ቤት ስትመለስ ከምትለፋው ልፋት አይበልጥም ነበር።

በዚያው ሆስፒታል፣ እኔንም ባዳኑበት ዓይነት ቀጭን ቱቦ፣ ጫፉ ላይ ፊኛ አድርገው የጠበበውን በር ሊያሰፉት ወሰኑ። ሲያስገቧት ልጃችንና እኔ ኮሪደሩ ላይ ቀረን። ብዙ ተቀመጥን። እጄን ያዘችው።

«አባ» አለችኝ፤ ከዚያ በአማርኛ፣ ቃላቱን እየፈለገች፣ «አንተ ብቻ አይደለህም። እኔም አላየሁም። እኔ እኮ ነኝ ሰዓቱን ያስመረጥኩ።»

«አንቺ ጥሩ ነው ያደረግሽው። ሰዓቱ ባይኖር ማን ይነግረን ነበር?»

«እሱማ ልክ ነው። ታዲያ አንተ ለምን ታለቅሳለህ?»

እንባዬን ጠረግሁ። ልጅ እናቱን ላያይ ይችላል፤ ወጣ ገባ ይላል፣ የራሱ ሕይወት አለው። እኔ ግን ከትራሷ ጎን ነው የተኛሁት። በትንፋሿ ነው የነቃሁት። የራሴን ልብ ለማወቅ ሱቅ ገብቼ ሰዓት መረጥኩ፣ የእሷን አንድ ቀን እንኳ ጆሮዬን አስጠግቼ አልሰማሁም።

ሐኪሙ ወጥቶ መልካም እንደሆነ ነገረን። በማግስቱ ስንገባ ገጽታዋ ተለውጧል፤ ከንፈሯ ቀላ ብሏል። «በአንድ ትራስ ተኛሁ» አለችን፤ ትልቅ ወሬ እንዳላት ሰው። ጥቂት ሳምንት አረፈች። ሥራዋ ላይ ሰው ማንሣቱን ተዉላት፤ አሁን ለአረጋውያኑ ምግብ በማቅረብ ነው የምትሠራው። ሐኪም በየጊዜው ያያታል። መድኃኒቷን ከእኔ መድኃኒት ጎን አድርጌ በየጠዋቱ አቀርብላታለሁ።

አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። ለሰው ስታወራው እንኳ እኔን አዳኝ አድርጋ ነው፤ «እሱ ነው ያወቀብኝ፣ በሰዓቱ» ትላለች፤ ሰውም ጀርባዬን መታ መታ ያደርገኛል። እኔ ምስጋናውን አፍሬ እቀበላለሁ። አንዴ ለብቻችን ሆነን፣ «እንደዚያ አትበይ፤ እኔ ተበላሽቷል ብዬ ሰዓቱን ለመመለስ ነው የሄድኩት» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። «ግን እንደነገርከኝ አውቶቡስ ላይ ሆነህ ልብህ ወደ እኔ ተመለሰ አይደል?»

አሁን ማለዳ ከሥራ በፊት እኔ ብቻዬን በፍጥነት እራመዳለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ ያለ ሰዓት አብረን እንወጣለን። ከበፊቱ ፈጠን ብላ ትሄዳለች። እኔ ግን ልቤ አያርፍልኝም። ቆም ባለች ቁጥር እቆማለሁ፣ ዝም ባለች ቁጥር ፊቷን አያለሁ፣ ደረጃው ላይ ከኋላዋ ሆኜ ትንፋሿን አዳምጣለሁ።

ባለፈው የመናፈሻው በር ላይ አንዲት ወዳጇን አግኝታ ቆመች። ስለ ሴትዮዋ ልጆች ትጠይቃለች። ደንግጬ ክንዷን ያዝኩ።

«ደከመሽ?»

ሴትዮዋ እስክትሄድ ጠበቀችና ወደ እኔ ዞረች።

«እያወራሁ ነው፣ አንተ ሰውዬ! ዝም ብዬ ማውራት አልችልም?» አለችኝ። «የሚያደክመኝ ያንተ ጥያቄ ነው።»

ክንዷን ለቀቅሁት። ትንሽ እንደሄድን ግን፣ አፌ እንዳይናገር ብይዘውም፣ ዓይኔ ትንፋሿን ሊቆጥር እንደገና ወደ ደረቷ ሄደ፤ እሷም አየችኝና እርምጃዋን ፈጠን አደረገች።